ተክል ምን ያህል ውሃ ይስባል? በብርሃን፣ በነፋስ፣ በእርጥበት፣ በሙቀትና በሥር ዙሪያ የሚመጣውን ልዩነት በቤት ውስጥ መለካት

ቀትር ላይ ጠውልጎ የዋለ ጎመን ማታ ማንም ሳያጠጣው ቀና ብሎ ይታያል። አፈሩ ያው ነው፣ ሥሩም ያው ነው። የተለወጠው በቅጠሉ ዙሪያ ያለው አየር ነው። ይህ መመሪያ ያንን ለውጥ በሚሊ ሊትር እንዴት እንደሚለኩት ያሳያል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ለባዮሎጂ መምህር፣ እንዲሁም የጓሮ አትክልቱ ለምን እንደሚጠወልግ በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ነው። ዕቃው ከመድኃኒት ቤትና ከማጀት ይገኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝ። ውሃ ከሥር እስከ ቅጠል የሚወጣው በዋናነት ከታች ተገፍቶ ሳይሆን ከላይ ተስቦ ነው። ቅጠል ላይ ስቶማታ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል ውሃ በእንፋሎት መልክ ሲወጣ ከኋላው ያለውን ውሃ እንደ ክር ይጎትተዋል፤ ክሩ ዛይለም በሚባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ሳይበጠስ እስከ ሥር ይደርሳል። ይህን ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ1894 ያቀረቡት ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ የተባሉ የደብሊን ሳይንቲስቶች ናቸው። ሥር ከሚወስደው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ወደ አየር ይሄዳል፤ በተክሉ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ የሳበውን ውሃ መለካት ቅጠሉ ያጣውን ውሃ ለመለካት በጣም ይቀርባል። ክሩ ግን አየር ከገባበት ይበጠሳል። ከዚህ በታች ካሉት ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው።

መሣሪያውን መሥራት

የምንሠራው፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የሚስበውን ውሃ የሚለካው መሣሪያ ፖቶሜትር ይባላል። የሚያስፈልገው፦

አንድ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ፤ ጤና ባለሙያዎች ስሪ ዌይ የሚሉት ባለ 3 አፍ መዘውር፤ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፤ የውስጥ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ የጎማ ቱቦ፣ ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ቫዝሊን፤ ክር፤ አዲስ ምላጭ፤ ማስመሪያ፤ ሰፊ ሳፋ፤ ባልዲ፤ ሁለት ቴርሞሜትር፤ ባለ ካሬ ወረቀት።

ከግሉኮስ ቱቦው ላይ የማንጠባጠቢያውን ብልቃጥና የማጥበቂያውን ተሽከርካሪ አውጡና ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ንጹሕ ቱቦ አስቀሩ፤ ከስሪ ዌዩ ጋር የሚገጥመው ጫፍ ግን መቆረጥ የለበትም። ስሪ ዌዩ ሁለት ተቀባይ አፎችና አንድ ገቢ አፍ አለው። በአንዱ ተቀባይ አፍ ስሪንጁ፣ በሌላው የግሉኮስ ቱቦው ይገባል። ገቢው አፍ ላይ የጎማውን ቱቦ አጥልቁት፤ ቅርንጫፉ የሚገባው በጎማው ሌላኛው ጫፍ ነው። የግሉኮስ ቱቦውን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉትና ማስመሪያውን ከሥሩ አኑሩ። የቱቦው ነጻ ጫፍ ለአየር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቅርንጫፉ ውሃ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው የውሃ ጫፍ ወደ ቅርንጫፉ ይሸሻል፤ የምናነበው ያንን ነው። ጫፉ ብዙ ከቀረበ ስሪንጁን ገፋ በማድረግ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ቱቦው በ1 ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ እወቁ። ቱቦዎች በአሠራር ስለሚለያዩ ከዕቃው መግለጫ አትነሱ፤ ራሳችሁ ለኩ። ባዶ ቱቦ ውስጥ በትንሽ ስሪንጅ ልክ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ አስገቡና ስንት ሳንቲ ሜትር እንደያዘ አንብቡ። የውስጥ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይይዛል፤ በ1 ሳንቲ ሜትር 0.07 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የቧንቧ ውሃ አየር ሟሙቶበታል። ከቀዝቃዛ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ ክፍል ውስጥ ሲሞቅ ያ አየር እንደ ዕንቁ እየሆነ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንዱ አረፋ ከቅርንጫፉ የተቆረጠ ጫፍ ሥር ከተቀመጠ ልኬቱ አበቃ። 5 ደቂቃ አፍሉት፣ ክዳኑን ግጠሙበት፣ አሳድሩት፤ ጠዋት የክፍሉን ሙቀት ይዞ ይገኛል። ሙቅ ወይም ከፍሪጅ የወጣ ውሃ አትጠቀሙ።

ቅርንጫፍ መምረጥና መቁረጥ

ባህር ዛፍ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ጎማው ውስጥ አይጨፈለቅም። ነገር ግን ነጭ ባህር ዛፍ በለጋነቱ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሉም ሰፋ ያለ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስልና ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱ ላይ የተጣበቀ። አራት ማዕዘን ግንድ በክብ ጎማ ውስጥ በየጥጉ ያፈሳል። ቅጠሉ ረዥምና ማጭድ መሰል ከሆነው፣ ግንዱ ከከበበው የጎለመሰ ቅርንጫፍ ውሰዱ። ግራዋም ጽጌረዳም ይሆናል፤ የጽጌረዳውን እሾህ ጎማው ከሚይዘው ቦታ ላይ በጥንቃቄ ላጡ። እንደ ቅንጭብና ቁልቋል ያሉ ነጭ ወተት የሚያወጡትን አትንኩ፤ ወተቱ ቧንቧዎቹን ይደፍናል፣ ዓይን ከገባም ክፉኛ ያቃጥላል። እሾሃማው በለስ ደግሞ ስቶማታውን የሚከፍተው ሌሊት ስለሆነ በቀን ብታዩት ምንም አይነግራችሁም።

የግንዱ ውፍረት ከጎማው የውስጥ ስፋት በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይብለጥ፤ ጎማው ተለጥጦ አጥብቆ እንዲይዝ። ከ8 እስከ 15 ቅጠል ይበቃል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው፦

1. በማለዳ፣ ጤዛው ከቅጠሉ ላይ እንደደረቀ ሂዱ። በዚያ ሰዓት ተክሉ ሌሊቱን ውሃ ሲሞላ ያደረ ስለሆነ ክሩ ብዙ አልተወጠረም። ቀትር ላይ የቆረጣችሁ እንደሆነ የተወጠረው ውሃ ወደ ውስጥ ተፈናጥሮ አየር ከኋላው ይገባል።

2. ከምትፈልጉት በላይ ረዥም፣ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ጫፉን ወዲያው ባልዲው ውሃ ውስጥ ክተቱት።

3. ውሃው ውስጥ እንዳለ ከመጀመሪያው መቁረጫ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በምላጭ ሰያፍ አድርጋችሁ ድጋሚ ቁረጡ። አየር የገባበት ክፍል ከታች ይቀራል። መቀስ አይሆንም፤ ግንዱን ጨፍልቆ ቧንቧዎቹን ይዘጋል። 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ መቁረጥም አይበቃም፤ አየሩ ከዚያ በላይ ዘልቆ ሊሆን ይችላል።

4. ሳፋው ውስጥ መሣሪያውን በሙሉ አጥልቃችሁ በስሪንጁ ውሃ እየገፋችሁ አረፋ አስወጡ። ስሪ ዌዩ በየአቅጣጫው ሲዞር የተደበቀ አረፋ ስለሚለቅ ሁሉንም አቅጣጫ አዙሩት።

5. ጎማውንና የግንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ አገናኙ፤ ግንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ቅጠሎቹ ግን እንዳይነከሩ ተጠንቀቁ። እርጥብ ቅጠል መጀመሪያ የላዩን ውሃ ነው የሚያተነው፤ ያ እስኪደርቅ ድረስ የምታነቡት ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታያል።

6. አውጡት፣ መጋጠሚያውን በጨርቅ አድርቁ፣ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊን ከተቀባ በኋላ ክር አይይዝም፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። የግንዱ መቁረጫ ላይ ቫዝሊን ከደረሰ ደግሞ ቧንቧዎቹ ተደፈኑ ማለት ነው፤ እንደገና ቁረጡ።

ያፈሳል ወይስ ይጠጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጣውላው ላይ ያለው ቱቦ ከመጋጠሚያው ከፍ ብሎ ከተቀመጠና መጋጠሚያው ካፈሰሰ፣ የውሃው ጫፍ ልክ ቅርንጫፉ እየሳበ እንዳለ ሆኖ ይሸሻል። የሚታየው ፍጥነት ያስደስታል፣ ነገር ግን ሐሰት ነው። ቱቦው ከመጋጠሚያው ዝቅ ካለ ደግሞ ስንጥቁ አየር ይስባል፤ የውሃው ጫፍም ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦውን ሆን ብላችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ሶፍቱ ከረጠበ ያፈሳል። ደረቅ ከሆነ ቱቦውን ከመጋጠሚያው ጋር እኩል አድርጋችሁ ለኩ፤ በሥራው ሁሉ ከፍታውን አትለውጡ።

ሁለተኛው ፍተሻ በቅርንጫፍ ምትክ ሚስማር የተሰካበት ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ሳይታሰብ ቴርሞሜትር ስለሚሆን ያስፈልጋል፦ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.012 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰፋል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር አየር ታፍኖ ከሆነ ያው ሙቀት አየሩን ብቻውን በ0.017 ሚሊ ሊትር ያሰፋዋል። መብራት አጠገብ ስታስቀምጡት ሚስማር ያለበት ቱቦ ውስጥ የውሃው ጫፍ ከተንቀሳቀሰ፣ ያንን ያህል ከቅርንጫፉ ንባብ ላይ አስተካክሉ።

መነሻውን መያዝ

መሣሪያውን ፀሐይና ነፋስ በማይመታው ብሩህ ክፍል አቁሙና 30 ደቂቃ ተዉት። ስቶማታ ከአዲስ ቦታ ጋር ለመላመድ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ስሪ ዌዩን በስሪንጁ በኩል ዝጉ፤ የብዙዎቹ መዘውር እጀታ የሚያመለክተው የተዘጋውን አፍ ነው፣ ቢሆንም በላዩ ያለውን ምልክት ተመልከቱ። የውሃውን ጫፍ በየ2 ደቂቃው እስከ 10 ደቂቃ አንብቡ። ሦስት ተከታታይ ንባቦች ተቀራርበው ሲገኙ መነሻው ተያዘ።

ከዚህ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ነገር ለውጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ 10 ደቂቃ አንብቡ፣ ወደ መነሻው መልሱና ድጋሚ አንብቡ። መልሶ ማንበቡን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን በሰዓታት ውስጥ ቧንቧዎቹ እየተደፈኑ ይደክማል። ብርሃኑ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወርዶ ብርሃኑ ሲመለስ ካልተመለሰ፣ ያያችሁት የብርሃንን ሥራ ሳይሆን የቅርንጫፉን ድካም ነው። በ3 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሳችሁ አዲስ ቅርንጫፍ ቁረጡ።

ስሌቱን በምሳሌ ብናየው፦ የውሃው ጫፍ በ10 ደቂቃ 4.2 ሳንቲ ሜትር ከሸሸ፣ 4.2 × 0.07 = 0.294 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሰዓት 1.76 ሚሊ ሊትር። ሁለት ቅርንጫፎችን ለማወዳደር በቅጠል ስፋት ማካፈል ግዴታ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ቅጠሎቹን ቀንጥሳችሁ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ዙሪያቸውን ስሉ፤ ሙሉውንና ከግማሽ በላይ የተያዘውን ካሬ ቁጠሩ፣ ከግማሽ በታች ያለውን ተዉ። ስፋቱ 210 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ በ100 ካሬ ሳንቲ ሜትር 0.84 ሚሊ ሊትር በሰዓት ይሆናል።

የአየሩ ጥማት

እርጥበትና ሙቀትን ለየብቻ ማየት ያሳስታል። ቅጠሉን የሚስበው በቅጠሉ ውስጥ ባለው እንፋሎትና በውጭው አየር እንፋሎት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እዚህ የአየሩ ጥማት እንበለው። አየር ሊይዘው የሚችለው የእንፋሎት ግፊት በ10 ዲግሪ 1.23፣ በ15 ዲግሪ 1.70፣ በ20 ዲግሪ 2.34፣ በ25 ዲግሪ 3.17፣ በ30 ዲግሪ 4.24፣ በ35 ዲግሪ 5.62 ኪሎ ፓስካል ነው።

በ20 ዲግሪ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 1.40 ይዟል፤ የጎደለው 0.94 ነው። ያንኑ አየር ውሃ ሳትጨምሩበት ወደ 30 ዲግሪ ብታሞቁት የያዘው ያው 1.40 ነው፤ የሚችለው ግን 4.24 ሆኗል። ጉድለቱ 2.84 ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ አልቀነሰም፣ ጥማቱ ግን ሦስት እጥፍ አደገ። ቀትር ላይ ጎመኑን የጣለው ይህ ነው።

ጥማቱን ለማወቅ የሁለተኛውን ቴርሞሜትር አምፖል በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሁለቱንም ለ3 ደቂቃ በጠንካራ ነፋስ አናፍሱ። እንበል ደረቁ 22፣ እርጥቡ 15 ዲግሪ አነበበ። በ15 ዲግሪ ካለው 1.70 ላይ፣ ለእያንዳንዱ የ7ቱ ዲግሪ ልዩነት አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 0.05 ቀንሱ፦ 1.70 − 0.35 = 1.35። አየር በ22 ዲግሪ የሚችለው 2.64 ስለሆነ እርጥበቱ 51 በመቶ፣ ጥማቱ 1.29 ኪሎ ፓስካል ነው። በመጻሕፍት ያለው ሠንጠረዥ የሚሠራው ለባሕር ጠለል ነው፤ እዚያ የሚቀነሰው በዲግሪ 0.067 ነው። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ያንን ሠንጠረዥ የተጠቀመ ሰው እዚህ ምሳሌ ላይ እርጥበቱን 47 በመቶ ብሎ ይጽፋል።

ለእርጥበት ሙከራው ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጡን በውሃ ጤዛ እርጩና ቅርንጫፉን ሸፍኑ፤ ፕላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካ ሁለት እንጨት ደግፉት። ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል፤ ከቶ ካልወረደ መጋጠሚያው ማፍሰሱን ጠርጥሩ። ይህን ፀሐይ ላይ አታድርጉ፤ ከረጢቱ ውስጡን ስለሚያሞቅ ሁለት ነገር በአንዴ ትለውጣላችሁ።

ለሙቀት ሙከራው መሣሪያውን እንዳለ ወደ ሞቀ ክፍል ውሰዱ። ማሞቂያ ወይም ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት አንድን ወገን ብቻ ይጠብሳል። እያንዳንዱ ንባብ አጠገብ የደረቁንና የእርጥቡን ቴርሞሜትር ቁጥር ጻፉ። በመጨረሻ ፍጥነቱን ከሙቀቱ ጋር ሳይሆን ከጥማቱ ጋር በግራፍ ስታስቀምጡት ነጥቦቹ ወደ መስመር ይጠጋሉ። መስመሩ ከላይ ከጎበጠ ወይም ከወረደ ቅጠሉ ስቶማታውን መዝጋት ጀምሯል፤ ይህ ስሕተት ስላልሆነ አታርሙት።

ብርሃን

ስቶማታ በብርሃን ይከፈታል፣ በጨለማ ይዘጋል። ለመፈተን ከ10 እስከ 20 ዋት ያለው ኤል ኢ ዲ አምፖል ተጠቀሙ፤ የድሮው አምፖል ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱ ስለሚበዛ ውጤቱን ያቀላቅላል። እሱ ብቻ ካለ ግልጽ ውሃ የተሞላ ሰፊ ብርጭቆ በመካከል አቁሙ፤ ውሃው ሙቀቱን ይውጣል። አምፖሉን በ80፣ በ40፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጡ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ፍጥነቱ ግን አራት እጥፍ አያድግም፤ ስቶማታ ከተከፈተ በኋላ ተጨማሪ ብርሃን የሚያደርገው እያነሰ ይሄዳል። መብራት ከሄደ መስኮት አጠገብ ሠርታችሁ በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ድርብ ነጭ ሻሽ መጋረድ ይቻላል።

ለጨለማው ሙከራ ቅርንጫፉን በካርቶን ሸፍኑ እንጂ በፌስታል አትጠቅልሉ። ፌስታሉ እርጥበቱንም ይለውጣል። ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስቶማታ ለመዝጋት ጊዜ ይወስዳል። ንባቡ ዜሮ አይሆንም፤ ጥቂት ውሃ በቅጠሉ ቆዳ በኩል ይወጣል።

ከቀዳዳዎቹ ጋር ለመተዋወቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ከቡና ቅጠል ጀርባና ፊት ላይ በስሱ ቀቡ፣ ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር ላጡና በማይክሮስኮፕ እዩት። የቡና ቅጠል ስቶማታው በጀርባው ብቻ ነው፤ በፊቱ በኩል የተላጠው ባዶ ሆኖ ይታያል። የጎለመሰ ባህር ዛፍ ቅጠል ግን ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሁለት ፊቱንም ለብርሃን ስለሚሰጥ በሁለቱም በኩል አለው።

ነፋስ

ቬንትሌተሩን 1 ሜትር አርቃችሁ በዝቅተኛው ፍጥነት ክፈቱ። ነፋስ የሌለበት ቅጠል ራሱ ባወጣው እንፋሎት በስሱ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ነፋሱ ያንን ሽፋን ይገፈዋልና ፍጥነቱ ይጨምራል። ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍጥነት ስትሄዱ ግን ጭማሪው ያንሳል፣ አንዳንዴም ይወርዳል። የወጣው ውሃ ከሚመጣው ከበለጠ ቅጠሉ በሩን ይዘጋል። ጠንካራ ፀሐይ ላይ ደግሞ ነፋስ የጋለውን ቅጠል ስለሚያቀዘቅዘው በውስጡ ያለው የእንፋሎት ግፊት ቀንሶ መሳቡ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የነፋሱን ሙከራ ጥላ ውስጥና ፀሐይ ላይ ለየብቻ አድርጉት፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ቅርንጫፉ በነፋሱ ሲወዛወዝ መጋጠሚያው ስለሚላቀቅ ግንዱን በእንጨት ላይ እሰሩት። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ ቬንትሌተርም መብራትም አትንኩ።

ሥር ያለው ተክል፦ ቅዝቃዜ፣ ጨውና አየር ያጣ ውሃ

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። የሥሩን ወገን ለማየት ሙሉ ችግኝ ያስፈልጋል፤ መለኪያውም ቱቦ ሳይሆን ሚዛን ነው፣ 0.1 ግራም የሚለይ።

ቦሎቄ በረጠበ ጨርቅ አብቅሉና ወደ ማርማላታ ጠርሙስ አዛውሩ። ክዳኑን ብሱ፣ ግንዱን በጥጥ ደግፉ፣ ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልሉ፤ ብርሃን ከገባ ሥሩ ላይ አረንጓዴ ይበቅላል። ክዳኑና ግንዱ የሚገናኙበትን በፕላስቲክ ሸፍኑ። በ12 ቀን አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ ቅጠሎች ተዘርግተው ይገኛሉ፤ መጠናቸው የተቀራረበ ችግኞች ምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ሦስት ሦስት። በተጨማሪ ተክል የሌለው አንድ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ እሱ ያጣውን ክብደት ከሁሉም ላይ ትቀንሳላችሁ። 1 ግራም የጎደለ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ይቁሙ።

*ቅዝቃዜ።* ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ድረስ በረዶ ባለበት ሳፋ አቁሙና የሥሩን ውሃ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጠብቁ፤ ቅጠሉ ግን በክፍሉ ሙቀት ይቆይ። ቦሎቄ በሰዓታት ውስጥ ውሃ ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ውሃ በ30 ዲግሪ ካለው ይልቅ በ10 ዲግሪ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይወፍራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የሥሩ ሕዋሳት ውሃ የሚያሳልፉባቸው በሮች በቅዝቃዜ ይሠንፋሉ። ይህንኑ በባቄላ ድገሙት፤ የደጋው ሰብል የተሻለ ይቋቋማል። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ከአየሩ ጤዛ ስለሚያርፍ ከመመዘናችሁ በፊት ጥርግ አድርጉ፤ ያለዚያ ተክሉ ውሃ የጨመረ ይመስላችኋል።

*አየር ያጣ ውሃ።* አንዱን ጠርሙስ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ አፉ ሙሉ፣ ሥሩን አስገቡ፣ ከዚያ በላዩ ስስ የምግብ ዘይት አፍስሱ። ዘይቱ ቀድሞ ከገባ ሥሩ ሲወርድ ይቀባዋል። ሁለተኛውን በየ2 ሰዓቱ በስሪንጅ አየር እየነፋችሁ አናፍሱት። ልዩነቱ ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ። ሥር በሮቹን ክፍት አድርጎ ለመያዝ ኦክስጂን ይፈልጋል። በክረምት መረሬ መሬት ላይ ውሃ የተኛበት ሰብል ሲጠወልግ የሚታየው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ለዚያ ማሳ የሚያስፈልገው ማጠንፈፊያ ቦይ እንጂ ተጨማሪ ውሃ አይደለም።

*ጨው።* ሁለት መጠን አዘጋጁ፦ በ1 ሊትር 3 ግራምና 6 ግራም የገበታ ጨው። 6 ግራም ልክ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ቢቻል መዝኑት። 6 ግራሙ ውሃውን በ5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ሥሩ ውሃ ለማግኘት ከዚያ የበለጠ መሳብ አለበት። ቦሎቄ ለጨው ደካማ ስለሆነ ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ይታያል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሳዲ የመስኖ እርሻዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ ጨው ወደ ላይ ሲያመጣ ሰብሉን የጎዳው ይኸው መጎተት ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ይጠማል። ሳክሲያ ላይ ማዳበሪያ አብዝቶ የጨመረ ሰውም በትንሹ ያንኑ ነው የፈጠረው።

በጨው ውስጥ ለ24 ሰዓት የቆዩትን ችግኞች በመጨረሻ ሥራቸውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ንጹሕ ውሃ መልሷቸውና በየሰዓቱ መዝኑ። ቅጠሉ ቀና ብሎ የሚያጣው ክብደት ወደ መነሻው ከተጠጋ፣ ጨው ያደረገው ውሃውን ማስቸገር ብቻ ነበር። በማግስቱም ጠውልጎ ካደረና የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ቡናማ ከተለወጠ፣ ጨው ራሱ ወደ ቅጠሉ ገብቷል፤ ያንን ችግኝ ንጹሕ ውሃ አይመልሰውም።